ንብ አርቢዋ አክስቴ

በየቤተሰቡ፣ ዓለም ሥራውን ትቶ እሷን ብቻ የሚያይ የሚመስላት አንዲት ሴት አትጠፋም። የእኛዋ አክስቴ ክብርት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በማተሚያ ቤት አራሚነት የሰው ስህተት ስትለቅም ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ የሚታረም አጣችና ዓለምን መጠርጠር ጀመረች።

ዓይኗ ደከም ሲል ፊደሉ እንደልብ የሚተልቅ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ገዛሁላት። ሁሉን ማስረዳቱ ስለታከተኝ በራሴ ስም፣ ከራሴ ስልክ ጋር አገናኝቼ አስጀመርኩት።

«ይሄ ዕቃ ያየኛል» አለች በማግስቱ።

«ካሜራ እኮ የለውም።»

«ታዲያ የት ገጽ ላይ እንዳቆምኩ ማን ነገረው?»

ከዚያ ወዲያ ልብስ ስትቀይር በፎጣ ትሸፍነው ጀመር። እሱም አልበቃትም። ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ መጽሐፍ ከፍታ፣ ሳታነበው፣ ዕቃ እያጠበች በእርጥብ ጣቷ ገጽ ትገልጥ ነበር። «ንብ አርቢ ናት ብሎ ይቅር!» ትላለች። በሳምንቱ ማንበቢያው ስለ ቀፎ አሠራር አምስት መጽሐፍ አቀረበላት።

«አየህ?» አለችኝ በኩራት።

«አንቺን ደግሞ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮ ያያል?» ብዬ ሳቅኩባት።

ሳቄ ግን አልዘለቀም። ሰሞኑን እኔኑ ማየት አብዝታ ነበር። ገና ስገባ ወንበሬን ወደ መስኮቱ ታዞርና ትክ ብላ ታየኛለች። ከግንባሬ ትጀምራለች፣ ወደ አገጬ ትወርዳለች፣ እንደገና ከግንባሬ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። «ምነው?» ስላት «ምንም» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ፈራኋት። እግሬንም ከቤቷ አሳጠርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። «ካቆሙበት ይቀጥሉ» ይላል። እኔ የጀመርኩት መጽሐፍ አልነበረም። ነካ ሳደርገው የእሷ መጽሐፍ ተከፈተ፤ የዓይናቸውን ብርሃን ቀስ በቀስ ለሚያጡ ሰዎች የተጻፈ። ስልኬ እንደሚያሳየው፣ በዚያው ቀን ጠዋት አንድ ገጽ ላይ አርባ ደቂቃ ቆይታለች። ከሥሩ ያሰመረችበት ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ጊዜ ሳለ የሚወዷቸውን ሰዎች ፊት ደጋግመው ያጥኑ።»

ለካ እውነቷን ነበር፣ የሚያያት አለ፤ እኔው ነኝ። ለማንም ያልተነፈሰችውን ጉድ በኪሴ ይዤ ስዞር ከርሜአለሁ።

ሥራዬን ትቼ ሄድኩ። ደረጃዋ ላይ ቆሜ ማንበቢያዋን ከስልኬ ለየሁት። ገብቼም ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ አላልኩም፤ ወንበሩን ራሴ ወደ መስኮቱ አዞርኩና ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ምን ሆነሃል? ሌላ ጊዜ ስትቁነጠነጥ አልነበር?»

«ምንም። እዪኝ በቃ።»

መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ ወንበሯን አስጠጋች።

«ቀና በል እስቲ» አለች። «ይቺ ጠባሳ እስከዛሬ እንዴት አመለጠችኝ?»