የታጠበችው ጠገራ

እኛ ሰዎች እድፍ አንወድም፤ ቢያንስ እንግዳ ሲመጣ አንወድም። ሌላውን ጊዜ ተዉት። ሰው ሊመጣ ነው ከተባለ ግቢው ይጠረጋል፣ ልጁ ይታጠባል፣ አመለኛው ውሻ ይታሰራል፣ እንደ እኔ ያለው ሰነፍ እንኳ ጺሙን ይላጫል። ታዲያ በዚህ ዓለም እድፍን ከነክብሩ የሚገዛ ሰው አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አለ።

እኔ እንጅባራ ውስጥ፣ የቆየነው ሰዎች አሁንም ቆሰበር በምንላት ከተማ፣ ሰዓት እጠግናለሁ። ስልክ ከመጣ ወዲህ ሰዓት የሚያሠራ ስለጠፋ አጉሊ መነጽሬ ሥራ እንዳይፈታ ወደ ጠገራ ብር አዞርሁት። ባላገሩ ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰውን ያመጣል፤ እኔ እውነተኛውን ከፎርጅዱ እለያለሁ፤ ከአዲስ አበባ ሰብሳቢ ሲመጣ አገናኛለሁ። ጠርዙን በጣቴ እዳስሳለሁ፣ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጌ ድምፁን እሰማለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። «አባቴ ያወረሰኝ» ተብሎ የመጣ ስንቱን እርሳስ መልሻለሁ፤ በዚህ የተቀየመኝም ብዙ ነው። ይቀየም። ከዚህች ጠረጴዛ ሐሰት አልፎ አያውቅም።

እማማ ይታይሽ ከፋግታ በኩል የመጡት ክረምቱ ሳይገባ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ከደሴ ጋር ይኖራሉ። ከጥንዱ አንደኛው በሬ ሞቶባቸዋል። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ካልታረሰ ደግሞ መሬቱ ምርቱን ለሚካፈል እኩል አራሽ ይሰጣል፣ ደሴም የሰው ከሰል ሊያከስል ይቀጠራል። ከመቀነታቸው ጫፍ አንዲት ጠገራ ፈቱ፤ በአንድ ፊቷ ንጉሥ፣ በሌላው አንበሳ። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁራለች። በመነጽር ሳያት ልቤ ዘለለ፤ የአንበሳው ጋማ እንኳ አልተበላም። ሰብሳቢዎቹ እንዲህ ያለችውን አንደኛ ደረጃ ይሏታል።

«እማማ፣ ይቺ በሬ ትገዛለች» አልኋቸው። «ገዢው በሚመጣው ገበያ ይደርሳል። እስከዚያው እንዳይነኳት፤ ጥቁረቷ ነው ዋጋዋ።»

«እሺ ልጄ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

በገበያው ቀን ገዢው ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ከጎኔ ተቀምጧል። ጨዋ ሰው ነው። እማማ ነጠላቸውን አሳጥበው መጡ፤ መቀነታቸውን ፈቱ፤ ጠገራዋ ቦግ አለች። በአመድና በሎሚ ፈትገዋታል። ጋማው ለስልሷል፣ የንጉሡ ጉንጭ በጭረት ተሞልቷል።

ገዢው አገላብጦ አገላብጦ አያት። «እውነተኛ ናት፤ ግን ታጥባለች። ከእንግዲህ ለሰብሳቢ አትሆንም፤ የምታወጣው የብሯን ክብደት ዋጋ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ያ ደግሞ እንኳን በሬ የበሬ ቀንድም አይገዛ።

«እማማ፣ አይንኳት ብዬዎት አልነበረም?» አልኋቸው። ተናድጃለሁ፤ አልዋሽም፣ ላለቅስም ደርሻለሁ።

«ሰምቼሃለሁ ልጄ። ግን ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ለመጣ ሰው እንዴት ጥላሸት እሰጠዋለሁ? ነውር አይደለም?» ከዚያ ወደ ገዢው ዞረው፣ «እድፏን ኖሯል እንዴ የምትገዙት?» አሉት።

ሰውየው ጓንቱን አወለቀ። እውነታቸውን እኮ ነው።

መሬቱ ለእኩል ተሰጠ። ደሴም ከአዲስ ቅዳም ማዶ ከሰል ያከስላል፤ ባለፈው ጥላሸት ለብሶ ሲያልፍ ጠርቶኝ ነው እንጂ አላወቅሁትም ነበር። እማማ ብሯን በክብደቷ አልሸጧትም። ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅለዋት ይሰነብቱና በገበያ ቀን ይዘዋት ይመጣሉ።

«እስቲ እያት፤ ጠቆረች?»

በአመድ የተፋቀ ጋማ በጭስ አይመለስም። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ በዚህ ከተማ የለም። ቢሆንም መነጽሬን ዓይኔ ላይ እተክላለሁ፤ ጠርዟን እዳስሳለሁ፤ ወደ ብርሃኑ አዞራታለሁ።

«ትንሽ ቀርቷታል፣ እማማ» እላቸዋለሁ።

«እንግዲያ ለዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ በሬ አናጣም» ብለው መልሰው ቋጥረዋት ይሄዳሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ጠገራ ይዞ የሚገባውን ሰው ታዲያ «ይህ ሐሰት ነው» ለማለት አፍራለሁ።