የጀማሪ ዓሣ አጥማጆች ጉዞ አዘጋጅ ኮሚቴ

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. በጎንደር አራዳ፣ ስሙን መጥራት ድፍረት የሚሆንብን አንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት ለአገር የሚበጅ ሥራ ተሰጠው። ከደባርቅ በላይ ባለ ቀዝቃዛ ወንዝ አንድ ፈረንጅ ትራውት የሚባል ዓሣ አራብቶ ነበርና፣ ሠራተኞቹ ባንድነት ሄደው ማጥመድ እንዲማሩ ከበላይ ታዘዘ። ስድስት ዓመት በጊዜያዊ ጸሐፊነት ያገለገለው ክንዱ ደስታውን አልቻለውም፤ አለቃው ቀኛዝማች ዳኛው «ጉዞው ይሳካ እንጂ ቋሚ ትሆናለህ» ብለውታል።

ያለ ኮሚቴ ዓሣ አይያዝምና ኮሚቴ ተቋቋመ። ቀን መምረጥም ተጀመረ።

«ረቡዕ ቢሆንስ?» አለ ክንዱ።

«ጾም!» አሉ የመዝገብ ቤቱ ሹም መሪጌታ ወልደኢየሱስ። «መያዙ ባያስገድፍ መመኘቱስ?»

«እንግዲያው ሐሙስ?»

«ሚካኤል ነው፤ ማኅበር አለብኝ» አሉ ቀኛዝማች።

«ማክሰኞስ?»

«ምነው ልጄ!» አሉ መሪጌታ። «ማክሰኞማ የኮሚቴው ስብሰባ ነው።»

ጎንደር የአርባ አራት ታቦት አገር ናት፤ ኮሚቴው አንዱን በዓል አልፎ ሌላው ላይ ሲያርፍ ግንቦት ደረሰ። እስከዚያ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በወንዙ ዳር ማን ከማን በላይ እንደሚቆም በማዕረግ ወሰነ፤ ከላይ ቀኛዝማች፣ ከታች ክንዱ። ዓሣውም ታላቁን ሳያዳርስ ወደ ታናሹ እንዳይወርድ ተከለከለ።

ክንዱን ጭንቅ ያዘው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ ቋሚነቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰኞ ፈቃድ ጠይቆ፣ ደባርቅ ወጥቶ፣ ከፈረንጁ ባንድ ቀን ተምሮ ሰባት ዓሣ ይዞ መጣ። በማግሥቱ ኮሚቴው ፊት ዘረገፋቸው።

«ቀላል ነው፣ ጌቶች! እኔ አሳያችኋለሁ።»



«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አሉ መሪጌታ።

«እኔ ያገኘሁት ዓሣ ብቻ ነው፣ የኔታ።»

ኮሚቴው ረጅም ሰዓት መክሮ እንዲህ ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ጉዞው ለጀማሪዎች የታሰበ በመሆኑ፣ ክንዱም ሰባት ዓሣ በመያዝ ጀማሪነቱን በገዛ እጁ ስላጠፋ፣ ከተጓዦች ስም ዝርዝር ይሰረዝ። ቋሚነቱ ከጉዞው ጋር የተያያዘ ስለሆነ እሱም እንዲሁ። ለክንዱ ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም።

ዓሦቹ ግን አልተሰረዙም። ቀኛዝማች ወዲያው ክንዱን ከመጻፊያ ማኪናው ፊት አስቀምጠው ለበላይ የሚላከውን ሪፖርት ያስጽፉት ጀመር።

«ጻፍ! ጀማሪዎቹ በቀኛዝማች ዳኛው መሪነት ከወንዙ ወርደው፣ በአንድ ቀን ሰባት ዓሣ ይዘው በሰላም ተመልሰዋል።»

ክንዱ ጻፈ። ከግርጌ፣ የጸሐፊው ስም ከሚሰፍርበት ሲደርስ ቆም አለና ቀና ብሎ አያቸው።

«ጌታዬ፣ ከስሜ ሥር ‹ቋሚ ጸሐፊ› ብልስ?»

ቀኛዝማች ደማቸው ፈላ።

«ጊዜያዊ በል! በመንግሥት ወረቀት ላይ ውሸት አይጻፍም።»