የዘይት ቆርቆሮዋ ወይራ

አርባ አምስት ዓመት ያለፈው ወንድ ሁሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይጀምራል፦ ወይ ስፖርት፣ ወይ ፖለቲካ፣ ወይ ማንም ያልጠየቀውን ሙያ። ስፖርቱን ሞክሬ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ፖለቲካው ደግሞ... ተዉት እሱን። እኔ ሦስተኛውን ጀመርኩ።

ጥፋቱ የሐኪሙ ነው። የደም ግፊቴን ለካ፣ ቁጥሩን ሁለቴ አየ፣ ከዚያ "የሚያረጋጋዎት ነገር ይፈልጉ" አለኝ። ስልኬን ከፍቼ የሚያረጋጋ ነገር ስፈልግ ቦንሳይ ላይ ወደቅኩ። ቦንሳይን ለማታውቁ (እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፣ አትፈሩ)፦ ቢተዉት ከቤት ጣሪያ በላይ የሚሄደውን ዛፍ ሳህን በምታህል ሸክላ ተክሎ፣ ቅርንጫፉን እየከረከሙ፣ በሽቦ እያጎበጡ፣ ሥሩን እያሳጠሩ፣ በክንድ ቁመት የመቶ ዓመት ሽማግሌ ማስመሰል ነው። ቻይናዎች ጀመሩት፣ ጃፓኖች ተራቀቁበት፤ አሁን ዓለም ሁሉ ገብቶበታል። ጣሊያኖችና ስፔኖች የሀገራቸውን ወይራ ያሳንሳሉ። ደቡብ አፍሪካዎች አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ግራር በስንዝር ቁመት ሲሠሩ አየሁ። "እኛስ ምን አነሰን?" አልኩ። ያነሰን ትዕግሥት መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

የመጀመሪያዋ ጥድ ነበረች። ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አኖርኳት። ጥድ ፀሐይና ነፋስ እንጂ ዜና እንደማትወድ ማን ነግሮኝ! ሁለተኛዋን ውሃ አበዛሁባት፤ ሥሯ በሰበሰ። ሦስተኛዋን በኤሌክትሪክ ሽቦ ጠፍሬ፣ ቅርጽ እስክትይዝ ብዬ፣ ረሳኋት...። ሦስተኛዋን ወደ ቆሻሻ መጣያው ስወስዳት ባለቤቴ ሠናይት በር ላይ ቆማ አየችኝ።

"ግፊትህ ወረደ?"

"ኧረ ጨመረ!"

"የዛፎቹ ግን ወርዷል" ብላኝ ገባች።

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ቢሮ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መሞታቸውን ዘልዬ ስለ ዛፎቼ አወራሁ። ስለ አቆራረጥ ጥበብ፣ ስለ ባዶ ቦታ ውበት... ብቻ ምን ያላልኩት አለ! ወሬው ከሥራ አስኪያጃችን ጆሮ ገባ። ሥራ አስኪያጃችን በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያንሰኛል፣ በወንበር ዐሥር ደረጃ ይበልጠኛል፤ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ደግሞ እንግዳ ነው። ሰኞ ጠዋት አስጠራኝ።

"ሐሙስ ከጃፓን ትልቅ እንግዳ ይመጡልናል። ለሥራ ነው፤ ግን በትርፍ ጊዜያቸው ቦንሳይ ነው የሚሠሩት አሉ። ያንተን እናሳያቸዋለን!"

"የኔን?"

"የድርጅታችንን ማለቴ ነው" ብሎ አረመኝ።

እዚያ ላይ "ሁሉም ሞተዋል" ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን "በደስታ!" አለ።

የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ፣ አምስት ቤተሰብ የሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ማለዳ ሐሙስን እያሰብኩ ፊቴን ልታጠብ ብወጣ ጎረቤታችን ጋሽ ሁሴን ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሁሴን ከወሎ መጥተው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ ሲሰፉ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እንደ ሁልጊዜው በልብስ መቀሳቸው ደጃፋቸው ካለችው ወይራ አንዲት ቀንበጥ ቆረጡ፣ ልጣጯን ላጡ፣ ጥርሳቸውን መፋቅ ጀመሩ። ይህን በየማለዳው ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቻለሁ። ወይራዋን ግን ያየኋት ገና በዚያን ቀን ነው!

የተተከለችው የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቁመቷ ከጉልበቴ አይበልጥም፤ ግንዷ ግን የጎልማሳ ክንድ ያክላል፣ ተጠማዟል፣ ተሰነጣጥቋል። ቅጠሏ ደቃቃ፣ አናቷ ክብ። ስልኬ ላይ ያየኋቸው ጃፓኖች ቢያገኟት ጫማቸውን ያወልቁላት ነበር።

"ጋሼ፣ ይቺ ዛፍ ስንት ዓመቷ ነው?"

"የዘሀራ እኩያ ናት። ዘሀራ የተወለደች ሰሞን ነው ከእናቴ ደጅ ነቅዬ ያመጣኋት።"

ዘሀራ ልጃቸው ናት። አግብታ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች።

"ታዲያ እንዴት እንዲህ አነሰች?"

"እንዴት ትደግ? በየቀኑ እፍቅባታለሁ።"

"ሥሯስ ቆርቆሮውን አይሞላውም?"

"ይሞላዋል እንጂ! ቆርቆሮው ሲዝግ ወደ ሌላ አዛውራታለሁ። ሥሯ አልገባ ካለ እንደ ሱሪ እግር አሳጥራታለሁ።"

እኔ ለዚህች አንዲት ነገር ስንት ሰዓት ቪዲዮ አየሁ መሰላችሁ? "ግን ለምን መሬት ላይ አልተከሏትም?" አልኳቸው።

መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ቀበሌዎቹ 'ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ትነሳላችሁ' ብለውን ነበራ! ስንነሳ ይዣት ልሄድ ብዬ ነው። በዓመቱ ብንጠይቅ 'በሚቀጥለው ዓመት' አሉን። በዓመቱም እንደዚያው...። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከደጇ የቀረኝ ይቺ ናት። ጥያት አልሄድ ነገር።"

ችግሬን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ሳቁ።

"እንግዳ ሊያያት ነው? ይያታ! ሐሙስ ውሰዳት። ግን ሳይመሽ መልስልኝ፤ ውጭ አድራ አታውቅም።"

እዚህ ላይ ባበቃሁ፣ ወዳጆቼ! ሰው የተሰጠውን አመስግኖ ቢቀበል ምን ይጎድልበታል? እኔ ግን ባለሙያ ነኛ! ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ግቢ ገብቼ ዞር ዞር እያልኩ አየኋት። የታችኛው የግራ ቅርንጫፏ ቀጥ ብሏል። "ትንሽ ጎንበስ ብትል ጃፓን ጃፓን ትሸት ነበር" አልኩ። ጋሽ ሁሴን ሱቅ ናቸው። ሽቦዬን አመጣሁ፣ ጠመጠምኩ፣ ጫን አደረግኩ... ትንሽ ጫን... አንዲት ስንጥር ታህል...

ቀጭ!

ድምፁ ትንሽ ነው። ለእኔ ግን እስከ ድልድዩ የተሰማ መሰለኝ። ኩል ልትኳል ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ይኸው ነው! ቅርንጫፏ በልጣጯ ብቻ ተንጠልጥላ ቀረች። ሠናይት ከማጀት ብቅ አለች።

"ምንድን ነው የተሰበረው?"

"ምንም።"

"ምንምን እጅህ ላይ አየዋለሁ" አለች። ከዚያ ቀልዱን ተወችው። "አሁኑኑ ሂድና ራስህ ንገራቸው። መጥተው እንዳያዩት።"

እስከ ሱቃቸው በእግር ሩቅ አይደለም፤ ሦስት ውሸት ለማዘጋጀት ግን ይበቃል። ድመት ልበል? ነፋስ ልበል? ኳስ የሚራገጡ ልጆች ላይ ላላክክ? በራቸው ላይ ስደርስ ጋሽ ሁሴን ቀና ብለው "አጀብ! ዛሬ ደግሞ በጊዜ ተለቀቅህ?" ብለው ፈገግ አሉ። ሦስቱም ውሸት ጠፋብኝ።

"ጋሼ፣ ወይራዋን ሰበርኳት።"

የስፌት መኪናው ቆመ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ጨርቁን ከመርፌው ሥር ስበው አወጡና "ተገነጠለች ወይስ ተንጠለጠለች?" አሉኝ።

"ተንጠልጥላለች።"

ከቁርጥራጭ መሀል አንድ የገበር ጨርቅ መረጡ፣ መቀሳቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ሱቁን ዘጉ። ግቢ እንደደረስን ቆርቆሮው ሥር ተንበረከኩ፣ ሽቦዬን ፈተው ወዲያ ጣሉት፣ ቅርንጫፏን ከቦታዋ ገጠሙና በገበሩ አጥብቀው ጠመጠሙ። ወጌሻ እንዲህ አይጠግንም። በዚህ ዕድሜያቸው ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡት ሰውዬ የጨርቁን ጫፍ ሦስቴ ፈትተው እንደገና አሰሩት። ሲጨርሱ ጨርቁን መታ መታ አድርገው፣ "አብሽር" አሉ። ለእኔ ይሁን ለወይራዋ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

(ቅርንጫፏ ተርፋለች። ከሦስት ወር በኋላ ቅጠል አውጥታለች። አሁኑኑ የምነግራችሁ እንደኔ እንቅልፍ እንዳታጡ ብዬ ነው።)

"እስክትይዝ ግን ከዚህ ንቅንቅ አትልም" አሉኝ።

ደወልኩ። "ዛፏ መምጣት አትችልም፤ እንግዳው ይምጡላት" አልኩት ሥራ አስኪያጃችንን።

"ዶሮ ማነቂያ? ፕሮቶኮሉስ?!"

"ፕሮቶኮል ለማድረግ መንገዱ ይጠባል።"

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጃችን በሙሉ ልብስ፣ ሽማግሌው ጃፓናዊ በሸራ ጫማ፣ አስተርጓሚዋ ወጣት ሴት በመሀላቸው ሆና፣ ከተሰጣው ልብስ ሥር እያጎነበሱ ግቢያችን ገቡ። እንግዳው ወይራዋን እንዳዩ ሰላምታችንን ረሱት። ቆርቆሮው አጠገብ ቁጢጥ አሉ፣ ተነስተው ዞሯት፣ እንደገና ቁጢጥ አሉ። ሥራ አስኪያጃችን ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሰማው የለም። በመጨረሻ ጋሽ ሁሴንን ጠየቋቸው።

"የሚቆርጡትን ቅርንጫፍ በምን ይመርጣሉ?"

"ለጥርሴ የምትመቸውን ነዋ" አሉ ጋሽ ሁሴን።

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። እንግዳው ደብተር አውጥተው ጻፉ። ሥራ አስኪያጃችንም ነገሩ ጥልቅ መሆኑን ጠርጥሮ አናቱን ነቀነቀ፣ እሱም ጻፈ።

"ጥበቡ በእናንተ ዘንድ ምን ይባላል?"

"መፋቂያ።"

ጻፉ።

ከዚያ ዓይናቸው በገበር የታሰረችው ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። ፊታቸው ጠቆረ። አንዲት አጭር ጥያቄ ጠየቁ።

"ይህን ያደረገው ማን ነው? ይላሉ" አለች አስተርጓሚዋ።

"የእኛ ባለሙያ!" አለ ሥራ አስኪያጃችን፣ ጀርባዬን ይዞ በኩራት ወደፊት እየገፋኝ።

እንግዳው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ቀስ ብለው አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚዋ ከንፈሯን ነከሰች።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ዓሣ ማርባትም መንፈስ ያረጋጋል... ይላሉ።"

ሠናይት መስኮት ላይ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ጋሽ ሁሴን ግን ቆጣ አሉ።

"ኧረ እንዲያማ አይበሉት! ቢሰብራትም አልደበቀኝም፣ ሥራዬ ድረስ መጥቶ ነው የነገረኝ። ልጅ ነው፣ ይማራል።"

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ያን ቀን ግን ልጅ መባል እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ።

እንግዳው ይህ ሲተረጎምላቸው ፊታቸው ተፈታ። ጋሽ ሁሴን መቀሳቸውን አወጡ፣ ወይራዋን ዞር ብለው አዩ፣ አንዲት ቀንበጥ ቆርጠው ላጡና በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። እንግዳው በሁለት እጃቸው ተቀብለው እጅ ነሱ። ጋሽ ሁሴን አጸፋውን እጅ ነሱ። እንግዳው እንደገና ዝቅ አሉ፤ ጋሽ ሁሴን ከዚያ ባሰ ዝቅ አሉ...። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱም በአስተዳደጋቸው የማይሸነፉ፤ ማን ቀድሞ ቀና ይበል? ወገባቸው ከዳቸው እንጂ እስካሁንም እዚያው ነበሩ።

እንግዳው ከአስተርጓሚዋ ጋር ወደ መኪናው ሲሄዱ ሥራ አስኪያጃችን ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ጋሽ ሁሴንን ጠጋ አላቸው።

"አባባ፣ ለቢሯችን መግቢያ ልክ እንዲህ ያለች አንድ ዛፍ እንፈልጋለን። በጀት አለን። ብቻ የበጀት ዓመቱ ስለሚዘጋ እስከ ሰኔ ሠላሳ ማስረከብ ይኖርብዎታል። ይደርስልናል?"

ጋሽ ሁሴን ዘንድሮ የዛገውን የቆርቆሮውን ጎን በእግራቸው ከለል አደረጉ።

"ይደርሳል እንጂ ልጄ" አሉት። "የስንት ዓመተ ምሕረቱን ሰኔ ነው ያልከኝ?"