ታጁራ የታጠበው ቀሚስ

ባሕር አይቶ የመጣ ወንድ ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡኝ፤ ባለቤቴንም ጨምሬ ነው። ከነጋዴ ጋር ታጁራ በወረዱ ቁጥር አንድ አዲስ ውሸት ጭነው ነው አንኮበር የሚመለሱት። «ውሃው ዳር የለውም» ይላሉ። እሺ። «ጠዋት ይሸሻል፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል» ይላሉ። ይሁን፣ እሳቸውም እንደዚያው ናቸው። «ፈረንጆቹ ሳይታመሙ፣ ቄስ ሳያዛቸው፣ ገብተው ይነከሩበታል» ሲሉኝ ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ዘንድሮ እኔም እወርዳለሁ» አልኳቸው።

«ሴት ልጅ? በአዳል በረሃ?»

«አንቱን የቻልኩ በረሃ ያቅተኛል?»

ዝም አሉ። በእኛ ቤት ዝም ካሉ ፈቅደዋል ማለት ነው።

ወሬውን ሰምታ የባለቤቴ እኅት ዘርፌ መጣች። የለበስኩትን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አየችና ፊቷን አጨማደደች።

«በዚህ እራፊ ነው ሰው አገር የምትሄጂው? ዘራችንን ልታሰድቢ?»

እዚያው አስወለቀችኝና እራፊዬን ይዛ ሄደች፤ ተመልሼ እንዳልለብሰው ቤቷ ደበቀችው። በምትኩ የክቷን ቀሚስ አመጣችልኝ። ደረቱ ጥልፍ በጥልፍ ነው፣ ዓይን ያስፈዛል።

«ለልጄ ሠርግ የምለብሰው ነው። ነጭ ሄዷል፣ ነጭ ይመለስ። ነጠብጣብ ባይበት የወንድሜ ሚስት ነኝ እንዳትይ!»

ዘርፌ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ከጎረቤቷ ጋር በአንዲት ወንፊት ተኳርፋ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው በሌላው በር ነው። ነገሩ እንግዲህ የቀሚስ ብቻ አልነበረም፤ ዝምድናዬን ነው ለብሼ የወረድኩት።

መንገደኛ ነኝና ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ከመርኩ። እናንተ የደጋ ሴቶች ታውቁታላችሁ፤ አንኮበር ላይ ቅቤ አናት ላይ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው፣ ብርዱ ይጠብቀዋል። አልዩ አምባ ስንደርስ ግንባሬ ላይ ወረደ። አዋሽን ስንሻገር አንገቴን ያዘ። በረሃው መሐል ስንገባማ… እኔ ራሴ ተነጠርኩ! ዝንቡ ግመሉን ሁሉ ትቶ እኔን አጀበኝ። ታጁራ ስንደርስ የዘርፌ የክት ቀሚስ ማሰሻ ጨርቅ መስሏል።

ባሕሩን አየሁት። ወገኖቼ፣ ዳር የለውም! ይሸሻል፣ ይመለሳል! የከተማው ሰው ዘንባባ ሥር ተጋድሞ ነፋስ ይጠጣል። አንድ ጺማም ፈረንጅ እስከ አንገቱ ተነክሮ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ማነው የሚያጠምቀው?» ብዬ ዑመርን ጠየቅኩት። ዑመር ግመሎቻችንን የሚመራው የአልዩ አምባ ሰው ነው።

«ማንም እመቤቴ። ደስ ብሎት ነው።»

ባለቤቴ ጎኔ ቆመው ፈገግ አሉ። ያን ያህል ዓመት ውሸታም ስለው የኖርኩት ባል እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ እንዴት እንደሚያናድድ ያየ ያውቀዋል።

በባለቤቴ ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ቀሚሱንና ከቤት የያዝኩትን እንዶድ ታቅፌ ወደ ውሃው ሄድኩ። አንኮበር ላይ ውሃ በእንስራ፣ በጀርባ፣ በዳገት ነው የሚመጣው። እዚህ ይኸው በነፃ ተንጣሏል!

«ወላሂ እመቤቴ፣ በዚህ አይታጠብም! ጨው ነው!» ብሎ ዑመር ሮጦ መጣ።

«ጨው ሥጋ እንዳይበላሽ ያደርጋል። ቀሚስ ነው የሚያበላሸው?»

ራሱን እየነቀነቀ ወደ ግመሎቹ ተመለሰ። እንዶዱን ብቀጠቅጠው፣ ባሸው፣ አረፋ የሚባል ነገር የለም። ይባስ ብሎ ባሕሩ ዘልቆ መጣና እንዶዴን ይዞ ሄደ! በትኩስ አሸዋ ፈትጌ፣ ደጋግሜ ነክሬ፣ ድንጋይ ላይ አሰጣሁት። ፀሐዩ ሲያደርቀው ወተት መሰለ። እንዲያውም ሳነሣው፣ ማንም ሳይለብሰው፣ እጁን ዘርግቶ ቆመ! «ጠንክሯል» ብዬ ደስ አለኝ። ሳጥፈው ተንኮሻኮሸ። ስልቻ ውስጥ ከተትኩትና፣ ባለቤቴ የገዙልኝን አቡጀዲም እዚያው ባሕር ውስጥ ነክሬ፣ እሱን ተጠቅልዬ አገሬ ገባሁ።

ዘርፌ ገለባብጣ መረመረችው።

«ነጭስ ነው… ምነው ደረቀሳ?»

«የባሕር እጥበት ነው። አላየሽም፣ አታውቂውም» ብዬ ኮራሁባት።

«ነፋስ ይምታው እስቲ» ብላ አጥሯ ላይ ሰቀለችው።

እኛ አገር አሞሌ ጨው እንደ ብር ነው፣ እንገበያይበታለን። ለላሙ ጨው የሚያልስ ሰው ካለ ወይ ጌታ ነው፣ ወይ አብዷል። የዘርፌ ላም ቦራም ምስኪን ጨውን በወሬ ነው የምታውቀው። አጥሩ ሥር መጣች። መጀመሪያ ላሰች። ከዚያ አሰበች። ከዚያ በላች!

«ኡኡ! ሠርጌን በላችው!»

በጩኸቱ ስደርስ የቀሚሱ ታች የለም። ቦራ ዓይኗን ጨፍና ታመነዥካለች፤ ሁዳዴ የፈታች ነው የምትመስለው። ባለቤቴ በቅሎ ላጠጣ ብለው ጠፉ። ዘርፌ የነጠላዬን ጫፍ ከነጠላዋ ጋር ቋጠረችው፤ ተከሳሽ እንዳያመልጥ እንዲህ ነው ወጉ። ዳገቱን እየጎተተችኝ መንገድ ዳር ወጣን። ከእነዋሪ ሙክት እየነዱ ለገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ያልፋሉ።

«በሕግ አምላክ! ዳኛ ሁኑን!» አለች።

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዘርፌ ነጠላዋን ልታጣፋ ስትስበው እኔም አብሬ ተሳብኩ።

«በይ ልበልሽ! ቀሚሴን አጣፍጠሽ ለከብት ሰጥተሻል!»

«በይ ልበልሽ! የበላችው የማን ላም ናት? እኔ ላም አለኝ? የኔን አሮጌ ቀሚስስ ማን ነው ቤቱ የደበቀው?»

«ላሜን ማን አባለጋት? ከተወለደች ልብስ በልታ አታውቅም!»

«ቀሚሱ ይቅረብልኝ» አሉ ሽማግሌው። የተረፈው ቀረበ፤ ባለ ጥልፉ ደረትና አንድ እጅጌ። ጫፉን ምላሳቸው ላይ አደረጉት። አሰቡ። ደግመው ላሱ።

«ጌታዬ… ፍርዱስ?»

«ቆዪ፣ እየመረመርኩ ነው!»

እሳቸው ሲመረምሩ፣ ሙክታቸው ከኋላ አንገቱን አስግጎ እጅጌውን ጎመደው!

«የዳኛው በግ!» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ። ከተኳረፍን መስማማታችን ያኔ ነው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ላሟ ያንቺ» አሏት ዘርፌን። «ጨው ያንቺ» አሉኝ። «ሙክቱ… የኔ። እንግዲህ እዚህ ንጹሕ ሰው የለም። ጥልፉ ከሳሽ በደበቀችው በተከሳሽ አሮጌ ቀሚስ ላይ ይሰፋ። ሙክቱም ለሠርጉ ይታረድ፣ ጨው ቀድሞ ገብቶበታል። እኔም እጠራለሁ።»

እዚያው ነጠላችንን ፈታን። ጥልፉን ቁጭ ብለን አብረን ሰፋነው። ዘርፌም «እራፊ» ያለችውን ቀሚሴን ለብሳ በልጇ ሠርግ እስክስታ መታች። እንግዳው ሁሉ «ይህ ደግሞ የት ተሰፋ?» ሲላት፣ «ከባሕር የመጣ ነው» ትላለች፣ ዓይኗን ሳታሽ! ተመልከቱልኝ፣ ይህች ባሕሩን እንኳ አላየችም።

ሰሞኑን ነጋዴው እንደገና ሊወርድ ይሰናዳል። ትናንት በጠዋት ዘርፌ የባሏን ጋቢ፣ አሮጌ በርኖስና ያልታወቀ ቡትቶ ሁሉ ተሸክማ ደጄ ቆመች።

«ይህ ሁሉ እንዲታጠብ ነው?»

«በደንብ ንከሪልኝ እንጂ። እንዳታለቀልቂው አደራ!»

«ሌላ ልጅ ልትድሪ ነው እንዴ?»

አንገቷን ሰበረች። «ሠርግስ የለም። ቦራ ከዚያ ወዲህ ወተቷ ጨምሮ…»

ቀና ስል ቦራ ከኋላዋ ቆማለች። ዓይኗን የተከለችው ግን በሸክሙ ላይ አይደለም። ከታጁራ የመጣሁበት አቡጀዲ ላይ ነው… እኔ ደግሞ ገና አላወለቅሁትም!