ከጀሪካኑ ጀርባ ወይስ ከጫማው ውስጥ

«የተማረ ይግደለኝ» የሚሉ ሰዎች ከተማረ ሰው ጋር አንድ የቤት ቁልፍ ተጋርተው አያውቁም። እኔ ተምሬያለሁ። ባለቤቴን ጠይቋት።

የተማርኩት ስፔክትራል ትራንስፎርም ይባላል። አትደንግጡ፤ ወንፊት ነው። የተዝረከረከ ነገር ትሰጡታላችሁ፣ ውስጡ ተደብቆ የሚመላለሰውን ነጥሎ ያወጣል። የእንሰትን ዘረመል አሳልፍበትና በየሦስት ፊደሉ የሚመላለስ ነገር ብቅ ሲል እቦርቃለሁ። ምስጢር የሚቆለፍባቸውን ቀመሮችም፣ ምንም ቢጠየቁ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚመልሱትን ቡሊያን ፈንክሽኖች፣ አሳልፍበታለሁ፤ እዚህ የምቦርቀው ግን ምንም ብቅ ካላለ ነው፣ ሌባ የሚጨብጠው የለማ! ባለቤቴ «ብታገኝም ደስ ይልሃል፣ ብታጣም ደስ ይልሃል፤ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ትላለች።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት ወረቀት ላይ ይቅር? ለቤታችን ቁልፍ ቀመር ሠራሁ። ቁልፉን ደብቆ የሚወጣ ሰው ሦስት ነገር ያያል፤ ዛሬ ጾም ነው? ውሃ መጥቷል? መብራት አለ? ቀመሩ «አዎ» ካለ ቁልፉ ደጃፉ ላይ ካለው ጀሪካን ጀርባ፣ «አይ» ካለ ከአሮጌው ጫማ ውስጥ ይቀመጣል። በወንፊቴ ነፋሁት፤ የሚጨበጥ የለውም። «ለምን ሁለተኛ ቁልፍ አታስቀርጹም?» ትሉ ይሆናል። ያልተማረ ሰው ጥያቄ ነው።

ስምንት ወር ሠራ። ከዚያ የዶክትሬት ጥናቴን የማቀርብበት ቀን ደረሰ። በጠዋት አስራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ወርጄ ወረቀቶቼን አሳትሜ ስመለስ፣ ባለቤቴ ልብስ አስጥታ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። የማቀርበው ነገር ሁሉ ያለበት ፍላሽ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፈታኞቹ አራት ሰዓት ላይ ይጠብቁኛል። ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው፤ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ውሃ የለም፤ ደወሉን ተጫንኩ፣ መብራትም የለም። ቀመሩ «ጫማ» አለ።

ጫማው ውስጥ አንድ በረሮ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ጀሪካኑን ያነሳል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስሌቱን እንደገና ጀመርኩ፤ ቀመሬ ከተሳሳተ እኮ ጥናቴም ገደል ገባ! ባለቤቴ አስተማሪ ናት፣ ክፍል ስትገባ ስልኳን ታጠፋለች። አምስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነውና እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«መብራት ሄዶ ነው እንዴ የምታለቅሰው ልጄ? አሁን እኮ ነው የሄደው፣ ይመጣል።»

«ቁልፉ ጫማው ውስጥ የለም እትዬ!»

«ታዲያ ጀሪካኑ ጋ ነዋ! ሁለት ቦታ አይደል ያላችሁ?»

ጀሪካኑን አነሳሁት። አለ። ለካ ባለቤቴ ስትወጣ መብራት ነበር፤ ቀመሬ አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው መብራቱ ነው።

«እርስዎ ግን በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ክረምቱን ሙሉ ልብሳችሁን ማን የሚያስገባላችሁ መሰለህ?»

እውነት ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ልብሱ ታጥፎ አልጋው ላይ ይጠብቀን ነበር። እኔ ባለቤቴ ናት ብዬ ነበር። እሷ ደግሞ እኔ መስያት «ተባረክ» ስትለኝ፣ አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልኩት። ተደብቆ የሚመላለስ ነገር በማደን ዶክተር ሊሆን የተነሳ ሰው ይህን አላየም።

ፈተናውን አለፍኩ። መጨረሻ ላይ አንዱ ፈታኝ «ይህን ቀመር የሚሰብር አለ?» ሲሉኝ «አንዲት ጎረቤት አሉኝ» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን በመስኮት እያየሁ ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ልብሱ ደጅ ተሰጥቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።