ኮርኒሱ ለከርሞ ይደርሳል

እኔ የምለው፣ በሐምሌ፣ አሰላ ላይ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሚስጥር ያወራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለማ! ዝናቡ ሲወርድበት ባልና ሚስት እንኳ የሚግባቡት በእጅ ነው። ሳር ቤት እንዲህ አይደለም። ሳር ቤት ዝናቡን ውጦ ዝም ነው። ቢያፈስ እንኳ አንድ ጥግ ላይ ጠብ ያደርጋል እንጂ ሰው አያስከፋም። ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ማወቅ መቼ ጠፋ፣ የሚጠፋው ሰዓቱ ነው እንጂ።

የእኛ አገር ክረምት ጨዋታ አይደለም። ግንቦት ሲጋመስና ጭላሎ ጉም ሲከናነብ ከተማው ሁሉ ወደ ጣራው ቀና ይላል። ሳር ያለው ደቦ ጠርቶ ሳሩን ያስጠቀጥቃል። ቆርቆሮ ያለው ሚስማሩን ያጠብቃል። ቆርቆሮ የሌለው ደግሞ ባለቆርቆሮውን ያማል።

ጋሽ በቀለም ከሐሜተኞቹ አንዱ ነበሩ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ቁጣቸው ከቁመታቸው ይረዝማል። ልጃቸው ጽጌ ናት። ስለ ጽጌ ብዙ አልናገርም፤ ከጀመርኩ አላቆምም። ብቻ አንድ ቀን ውሃ መንገድ ላይ ቆም ብላ፣ "አንተ፣ ዝም ብለህ ከምታፈጥ ሽማግሌ አትልክም?" አለችኝ። ይህን የሰማ ጎረምሳ እንቅልፍ ይወስደዋል?

እኔ ማነኝ? ከትምህርት ቤት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያይተናል። ከናዝሬት አሰላ በጭነት መኪና እመላለሳለሁ። የሚሸጥ ካለ ገዢ አመጣለሁ፤ ገዢ ካለ የሚሸጥ አመጣለሁ። እናቴ ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሏት "ይሯሯጣል" ትላለች። ሌላ ስም አልተገኘለትም።

ጋሽ በቀለ "ዘንድሮስ ሳር በቃኝ፣ ቆርቆሮ ነው የማስመታው" ማለታቸውን ሰማሁ። ዕድሌ መጣ አልኩ። ሮጥኩ። ቆርቆሮውን ከናዝሬት አስጭኜ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ገፍቼ፣ አናጢ ለምኜ፣ ራሴም ጣራ ላይ ወጥቼ፣ ግንቦት ሳያልቅ ቤቱ አብረቀረቀ። ከሩቅ ላየው፣ ሐይቅ ሰው ቤት ላይ የተሰቀለ ነበር የሚመስለው።

አናጢው ግን፣ "ኮርኒስስ?" አለ። ከሥሩ አቡጀዲ ካልተወጠረበት ይጮሃል፣ ብርድም ያወርዳል አለ። ጋሽ በቀለ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ምን ትላለህ?" እኔም ደስ ላሰኛቸው ብዬ፣ "ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ በጨርቅ ይሸፈናል እንዴ? እንግዳ ቀና ብሎ ይየው እንጂ!" አልኩ። ሳቁ። "እውነትህን ነው። ኮርኒሱ ለከርሞ ይደርሳል" አሉ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በሸጥኩት! ገዢ አላጣለትም ነበር።

ከዚያ ኦቦ ገመዳን ሽማግሌ ሁኑልኝ አልኳቸው። ኦቦ ገመዳ በአማርኛም በኦሮምኛም ነገር የሚያለሰልሱ ሰው ናቸው። መርዶ ሲያረዱ እንኳ ይመረቃሉ። "ልጄ፣ ክረምቱ ይውጣ። ሽማግሌ በመስከረም ነው የሚያምርበት" አሉኝ። "ኦቦ፣ ውለታ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው፤ ካደረ ይደርቃል" አልኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷስ ለቅማለች።

ሐምሌ ላይ አንድ እሁድ ጠዋት ኦቦ ገመዳ ሁለት ሰዎች አስከትለው ገቡ። እኔ ደጅ፣ ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆምኩ። ሰላምታው ሳያልቅ በረዶው ወረደ። እግዜር ሲጣላ በትር አይቆርጥም፣ ያደርጋል እንጂ ነገሩ እንዳይጥም ይላሉ። አሰላ ላይ ደግሞ ድንጋይ ይወረውራል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ ነጠላውን አናቱ ላይ ጥሎ እኔ ወዳለሁበት ተጠጋ።

የሽምግልና ወጉ ይታወቃል። በለሆሳስ ነው። ስለ ዝናቡ ይወራል፣ ስለ ከብቱ ይወራል፣ ከዚያ "አንዲት ጉዳይ ነበረችን" ይባላል። የልጁ ጉድለት በጨዋታ ይሸፈናል። አባትየውም እንቢ አይሉም፤ "ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ" ነው የሚሉት። ይህ ሁሉ በጩኸት እንዴት ይባላል?

ከውስጥ የኦቦ ገመዳ ድምፅ ወጣ። እኒያ ለስላሳ ሰው እንደ ጥሩምባ ነፊ ጮሁ።

"ልጅዎን! ለልጃችን!"

"ለማን?" ጋሽ በቀለ ናቸው።

ስሜን ጠሩ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ፣ "ማነው ደግሞ እሱ?" አለችኝ። "እኔ እንጃ" አልኳት።

"ትምህርቱስ?"

"ትቶታል!"

"ምን ይሠራል?"

"ይሯሯጣል!"

"ቤት አለው?"

"አለው! የሳር!"

ጣራው ሥር የተጠለለው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ፣ "ወይ ዘንድሮ! ሳር ቤት ተቀምጦ ቆርቆሮ ቤት ሽማግሌ ይልካል?" አለች። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ?

ጋሽ በቀለ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። በረዶው፣ የታዘዘ ይመስል፣ ቀጥ አለ። "አይሆንም!" የምትለው ቃል ብቻዋን አየር ላይ ቀረች።

ኦቦ ገመዳ ሲወጡ ጋቢያቸውን አራግፈው "ያ ረቢ!" እያሉ ሄዱ። ኋላ ላይ ጋሽ በቀለ አግኝተዋቸው፣ "እኔኮ እንደ ወጉ ተመለሱ ልል ነበር። ረጅሙን መጮህ ቢያቅተኝ አጭሩን አልኩ" ብለዋቸዋል። ታዲያ ደብሩ ሁሉ የሰማውን ቃል ማን ይመልሰዋል?

ጽጌን ከስንት ጊዜ በኋላ ውሃ መንገድ ላይ አገኘኋት። "መስከረምን ብትጠብቅ ምን ነበረበት?" አለችኝ። እንስራዋን አስተካክላ ሄደች።

በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ጋሽ በቀለ አስጠሩኝ። "አንተ ልጅ፣ ክረምት ሳይገባ ያን ኮርኒስ እንምታው። ሽማግሌ ቢመጣ እንደ አምናው እንዳንዋረድ።" ልቤ ዘለለች። ይህ ተመለስ ማለት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ከናዝሬት ጠንካራውን አቡጀዲ አመጣሁ። ወጠርኩት። ድምፅ እንዲውጥ ብዬ ከላዩ ጭድ ጎዘጎዝኩበት። ያልደፈንኩት ቀዳዳ የለም። ሚስማር የምታቀብለኝ ጽጌ ነበረች። "አጥብቀው" አለችኝ። አጠበቅሁት።

በዚህኛውስ አልቸኮልኩም። ኦቦ ገመዳ ገና ሲያዩኝ "መስከረም!" አሉኝ። "እሺ ኦቦ፣ መስከረም" አልኩ። ሰው ከስህተቱ ይማራል አይደል የሚባለው?

ሐምሌ አጋማሽ ላይ በዚያው በር ሳልፍ ዝናብ ያዘኝና ከጣራው ጠርዝ ሥር ተጠጋሁ። ያቺው የአምናዋ ሴትዮ ቀድማኝ ቆማለች። "ውስጥ ሽማግሌ ገብቷል" አለችኝ፣ "ከሁሩታ ነው አሉ።" በሐምሌ! በዚያ ዝናብ! ጽጌን በጥር ሙሽራ አድርገው ወደ ሁሩታ ያስወሰዷት እነዚያ ናቸው። ያን ቀን ግን ገና አላወቅሁም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከውስጥ ጩኸት የለም፣ ቁጣ የለም። ቀስ ብለው፣ በወጉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ እያወሩ ይሆናል።

"ምን አሉ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

ምን ልበላት? ጥሩ ኮርኒስ ነው። ምንም አይሰማም።