ካቴድራሉ፣ ጭጋጉና «አያገባኝም እንጂ» ባዩ

ያለ አንድ «አያገባኝም እንጂ» ባይ የተፈጠረ ሰፈር የለም። ባዶ ሜዳ ላይ ወስደው ቢያሰፍሯችሁ እንኳ በሦስተኛው ቀን አንዱ ከች ይልና «አያገባኝም እንጂ፣ በሩ በዚያ በኩል ቢሆን» ይላችኋል።

የእኛው ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የፀጉር አስተካካዩን የመቀስ አያያዝ ያርማሉ። ለአውቶቡስ ሹፌሩ አስተጣጠፍ ያስተምራሉ። ባለቤቴ አንሶላ ስታሰጣ አይተው «አያገባኝም እንጂ ልጄ፣ ንፋሱ ከወዲያ ነው» ብለዋታል። የሚያናድደው ደግሞ ንፋሱ እውነትም ከወዲያ መሆኑ ነው።

እኔ ሠዓሊ ነኝ። ዘንድሮ ለከተማው ኤግዚቢሽን የጥንቱን ካቴድራል በማለዳ ጭጋግ ውስጥ ልሥል ተነሣሁ። ሦስት ዓመት ሥዕሌን መልሰውብኛል፤ ይኼኛውም ከተመለሰ ብሩሼን ልሰቅል ምያለሁ። ሸራዬን ካቴድራሉ ፊት ባቆምኩ ማግስት ጋሼ በርጩማቸውን ይዘው ከኋላዬ ተቀመጡ።

«አያገባኝም እንጂ፣ ጭጋጉ አልበዛም?»

«ጋሼ፣ ሥዕሉ የጭጋግ ነው።»

«ታዲያ የግራው ማማ የት ገባ?»

«እዚያው ጭጋጉ ውስጥ አለ።»

«እኔ አላየሁትም» ይላሉ።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። በዐሥረኛው፣ በማስረከቢያው ቀን፣ ጋሼ ቀሩ። ተገላገልኩ ብዬ ብሩሼን ባነሣ እጄ እምቢ አለ። ጭጋጌ ያልተወለወለ መስታወት መስሎ ታየኝ፤ ምን እንደጎደለው የሚነግረኝ ሰው ግን የለም። እርጥቡን ሸራ ተሸክሜ ቤታቸው ሮጥኩ።

ጉንፋን ጥሏቸዋል። ሥዕሉን አልጋቸው ግርጌ አቆምኩት። አንገታቸውን አስግገው አዩት፣ አዩት።

«አያገባኝም እንጂ፣» አሉ በተዘጋ አፍንጫ፣ «የግራው ማማ ጫፍ ላይ አንዲት ድንጋይ ወጣ ትላለች። በጭጋግም ትታያለች። ድሮ ማማው ሲጠገን አጣምሜ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አላየብኝም።»

አገር ምድሩን ሲያርሙ የኖሩት ሰው አንሶላቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። እኔ ብሩሼን አወጣሁ።

«ዝቅ አድርጋት» አሉ። «ትንሽ ወደ ግራ። አዎ፣ እሷ ናት።»

በአንዲት ጭረት ማማው ከጭጋጉ ብቅ አለ። በደስታ የቤታቸውን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ የኤግዚቢሽኑን በር ሊዘጉ ሲሉ ደርሼ አስረከብኩ።

ሥዕሉ ተቀባይነት አገኘ። በመክፈቻው ቀን አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ ሸራው ላይ ሊወድቅ እስኪደርስ ተጠግቶ አየና «አያገባኝም እንጂ፣ ይቺ ድንጋይ አልተጣመመችም?» አለ።

ከጉንፋናቸው ድነው አጠገቤ የቆሙት ጋሼ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ምን አገባህ?» አሉት።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፌ ላይ ደርሶ የተመለሰውን ቃል እሳቸው ተናገሩልኝ። አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።